ጧሪ ያጣ ጡረታ

ጡረታ የሚለው ቃል ከባዕድ አገር የመጣ አይደለም። ጦረ፣ ጧሪ፣ መጦር ከሚለው ከገዛ ቋንቋችን የወጣ ነው። ወልዶ ያሳደገ ሰው ጉልበቱ ሲደክም ልጁ ይጦረዋል፤ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብለን የምንመርቀውም ለዚሁ ነው። መንግሥት ይህን ቃል ከቤተሰብ ተውሶ በአዋጅ ሲጽፈው ከቃሉ ጋር ግዴታውንም ተውሷል። «ጉልበትህን ለእኔ ስጥ፤ ጉልበትህ ሲያልቅ እኔ ልጅህ ነኝ» ማለቱ ነው። እንግዲህ የወታደር የጡረታ ዕድሜ ይራዘም ወይም ይጠር፣ አበሉ ይሻሻል ወይም ይቀነስ በተባለ ቁጥር ነገሩን የሒሳብ ክፍል ጉዳይ ብቻ አድርገው የሚያዩትን እንቃወማለን። ይህ የውል ጉዳይ ነው። ውሉን አንዱ ወገን በደሙ ፈርሞታል፣ ሌላው በቀለም። በቀለም የፈረመው ብቻውን ተነስቶ ሊደልዘው አይችልም ነው የምንለው።

«እናንተ ተማሪዎች ናችሁ፤ የወታደር ጡረታ ምን አገባችሁ?» የሚሉን አይጠፉም። እንዴት አያገባንም! በ2014 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተነው ተማሪ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር። አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን፣ አንድ መጽሐፍ ለሦስት ተካፍለን የተማርን ልጆች በአንድ ቀን ውጤት ለሁለት ተከፈልን። ለእኛ የግቢው በር ተከፈተ። ውጭ ለቀረው ደግሞ በየወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከሚለጠፉት ወረቀቶች አንዱ የሠራዊት ምልመላ ነው። ዕድሜው ከእኛ ጋር እኩል ነው፣ እናቱ ከእናታችን ጋር በአንድ ዕድር ናት። እኛ ዲግሪ ስንጭን እሱ ምሽግ ይቆፍራል። ታዲያ እሱ አርባ አምስት ዓመት ሲሞላው የት ይደርሳል ብለን ካልጠየቅን የተማርነው ትምህርት ለመቼ ሊሆን ነው?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ያገራችን ገዢዎች ወታደርን በምን እንጡረው የሚለውን ሲመልሱ የኖሩት በሌላ ሰው ጉልበት ነበር። በድሮው ሥርዓት ለወታደር ማደሪያ ይሰጠው ነበር፤ ገባሩ አርሶ ያበላዋል። ከ1933ቱ ነፃነት በኋላም ንጉሡ ለአርበኛው፣ ለስደተኛው፣ ለወታደሩ መሬት በጋሻ ያድሉ ነበር። አንድ ጋሻ ማለት 40 ሔክታር ግድም ነው። ውለታው ተመለሰ ተባለ፤ ውለታውን የከፈለው ግን መሬቱ ላይ የነበረው ጭሰኛ ነበር። የአንዱ ድሃ ጡረታ የሌላው ድሃ ቀንበር ሆነ ማለት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን ይህ ዓይነቱ አጧጧር በሕግ አከተመ። ስለማክተሙ አናዝንም። ነገር ግን በዚያ ምትክ ለተራው ወታደር የቀረለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በወረቀት ላይ የሰፈረው የጡረታ መብት። ስለዚህ ነው ያን ወረቀት በብርቱ የምንጠብቀው።

ወታደሩ ሲናቅ ምን እንደሚከተል ደግሞ ታሪክ በቂ ትምህርት ሰጥቷል። ጥር 1966 ነገሌ ቦረና ላይ የነበረው የአራተኛው ክፍለ ጦር ብርጌድ ያመፀው ዙፋን ሊገለብጥ አስቦ አልነበረም። የሚጠጣ ውሃና የሚበላ እንጀራ ነው የጠየቀ። ጉዳዩን ሊያጣሩ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ይዞ፣ «እኛ የምንበላውን ብሉ፣ እኛ የምንጠጣውን ጠጡ» አላቸው። በየካቲት አሥመራ ያለው ሁለተኛው ክፍለ ጦር ተከተለ፤ ወሩ ሳያልቅ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። ከውሃ ጉድጓድ የተጀመረ ነገር ዘውድ ድረስ ሄደ። የደመወዝና የአበል ነገር «ጥቃቅን ጉዳይ ነው» የሚሉ ሹማምንት ይህችን ወር መለስ ብለው ቢያነቧት መልካም ነው።

ከዚያ ደግሞ 1983 መጣ። ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት በአንድ ግንቦት ፈረሰ። ሰኔ ላይ የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን መልሶ የሚያቋቁም ኮሚሽን ቆመ፤ ሰውም በጦላይና በሌሎች ካምፖች በኩል እያለፈ ወደየመጣበት ተሸኘ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ወደ ጦሩ የገባው በውዴታ የነበረ አለ፣ በአፈሳ ተይዞ የተወሰደ አለ፣ በብሔራዊ ውትድርና ግዴታ የተጠራ አለ። ለመንግሥቱ ፖለቲካ ሁሉም እኩል ተጠያቂ ሊሆን አይችልም። ሆኖም «የደርግ ወታደር» የሚል አንድ ስም ለሁሉም ወጣለትና የዩኒፎርሙን ቅሪት ለብሶ በየመንገዱ ምጽዋት የሚለምን ሰው የከተማው መልክ ሆነ። የተሸነፈው መንግሥት ነበር፤ ዕዳውን የከፈለው ግን ባለ እግሩ፣ ባለ ዓይኑ፣ ባለ ዕድሜው ሰውየው ነው።

ቀጥሎ የሆነውን እንይ። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ሙያ የነበራቸው የዚያው የተበተነ ሠራዊት አባላት ተፈለጉ፤ አብራሪው፣ መድፈኛው እንደገና ተጠራ። ትናንት ጠላት የተባለ ሙያ ዛሬ አገር አዳኝ ሆነ። ጦርነቱ ሲያበቃ ደግሞ ወደ 150 ሺህ የሚጠጋ ወታደር በዓለም ባንክ ብድር ጭምር በሚደገፍ ፕሮግራም ተሰናበተ። እንዲሁም በጥቅምት መጨረሻ 2014 የሰሜኑ ጦርነት ወደ መሀል አገር ሲገፋ መከላከያ ለቀድሞ የሠራዊት አባላት «ተመለሱ፣ ተመዝገቡ» የሚል ጥሪ አወጣ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በጥሪ ጊዜ ልምዱ ይቆጠራል፤ በጡረታ ጊዜ ግን «የየትኛው መንግሥት ወታደር ነበርክ? ስንት ዓመት? ማስረጃህ የታለ?» ይባላል። ልምዱን የቆጠረ መንግሥት ዓመቱን መቁጠር እንዴት ያቅተዋል? «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል ያገሬ ሰው። እኛ የምንጨምርበት፣ የተወጋው ስለማን እንደተወጋ ሲረሳበት ቁስሉ ሁለት ይሆናል።

አሁን ወደ ሕጉ ወደራሱ እንግባ። በ2003 የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 ዋና ስሌቱ እንዲህ ነበር። 10 ዓመት ያገለገለ ሰው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 ከመቶ ያገኛል። ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ለሲቪሉ 1.25 ከመቶ፣ ለወታደሩና ለፖሊሱ 1.65 ከመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 ከመቶ ነው። መዋጮውም እያደገ ሄዶ ሠራተኛው 7 ከመቶ፣ መንግሥት ለሲቪሉ 11 ከመቶ፣ ለወታደሩና ለፖሊሱ 25 ከመቶ እንዲከፍል ያዛል። ይህ አዋጅ በ2014 በአዋጅ ቁጥር 1267 ተተካ፤ የ10 ዓመቱ በር ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

ይህን የሰማ ሰው «እንዴ፣ ወታደሩማ ተጠቅሟል!» ሊል ይችላል። ላይ ላዩን ሲያዩት እውነት ይመስላል። እስቲ እርሳስ እናንሳ። 70 ከመቶ ለመድረስ ከ30 በላይ 40 መጨመር ያስፈልጋል። 40 ለ1.65 ሲካፈል 24 ዓመት ከምናምን ይሆናል። በዚህ ላይ የመጀመሪያዎቹን 10 ዓመታት ስንጨምር ከ34 ዓመት በላይ ነው። በ18 ዓመቱ የተቀጠረ ልጅ ጣሪያውን የሚነካው 52 ዓመት አልፎት ነው። በ20 ዓመት አገልግሎት ደግሞ ከ100 ብር ደመወዝ 46 ብር ከ50 ሳንቲም ይደርሰዋል። የጡረታ መውጫ ዕድሜ በማዕረግ በሚለካበት ሥርዓት ውስጥ ታዲያ ማነው ጣሪያው ድረስ የሚዘልቀው? ማዕረጉ ከፍ ያለው ይቆያል፤ የቆየ ዓመቱ ይበዛል፤ ዓመቱ የበዛ መቶኛው ይጨምራል፤ መቶኛው ደግሞ የሚባዛው ከፍ ባለው ደመወዙ ነው። ተራው ወታደር በአራቱም መንገድ ወደኋላ ይቀራል። ሕጉ ለሁሉም አንድ ቁጥር ጻፈ፤ አንዱ ቁጥር ግን ለሁሉም አንድ ሆኖ አልተገኘም።

ከዚህም የባሰ አለ። ምልምሉ ሲገባ የሚፈርመው ለ7 ዓመት ነው። የጡረታው በር የሚከፈተው በ10 ዓመት ነው። 7 ከ10 ያንሳል፤ ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ውሉን በታማኝነት ፈጽሞ፣ አንድም ቀን ሳያጎድል፣ በ25 ዓመቱ የተሰናበተ ልጅ የሚቆጠርለት አንድ ጊዜ የሚሰጥ ገንዘብ ነው እንጂ ወር በወር የሚጦር አበል አይደለም። ያችን ገንዘብ ይዞ ገበያ ይገባል። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 ከመቶ በላይ ነበር። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነስቶ ጥቂት ሳምንታት ሳይሞላ 100 ብርን አልፎ ሄደ። በዚህ ዓይነት ገበያ ውስጥ የሰባት ዓመት ዋጋ ስንት ወር ያቆያል? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሉታል እንዲህ ያለውን ሀብት።

የበጀት ሊቃውንቱ መልስ አላቸው። «የሰው ዕድሜ ረዝሟል፤ ወታደሩ ቶሎ እየወጣ ረጅም ዘመን ይጦራል፤ ስለዚህ ዕድሜው ይራዘም፣ አበሉ ይመጠን» ይላሉ። ይህ ክርክር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። የህንድን ጉዳይ እንመልከት፤ እዚያ ነገሩ እርቃኑን ታይቷል።

በህንድ ጦር ተራው ወታደር 17 ዓመት ያህል አገልግሎ በሠላሳዎቹ መጨረሻ ይሰናበታል፤ 15 ዓመት የሞላው ጡረታ ነበረው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2020 በጄኔራል ቢፒን ራዋት ይመራ የነበረው የወታደራዊ ጉዳዮች መምሪያ አንድ ሐሳብ አረቀቀ። የኮሎኔል መውጫ ከ54 ወደ 57፣ የብርጋዴር ከ56 ወደ 58፣ የሜጀር ጄኔራል ከ58 ወደ 59 ከፍ ይበል አለ። በዚያው ወረቀት ላይ ደግሞ ጊዜው ሳይደርስ በፈቃዱ የሚወጣ ሰው ከ20 እስከ 25 ዓመት ካገለገለ ከሚገባው ጡረታ 50 ከመቶ፣ ከ26 እስከ 30 ከሆነ 60 ከመቶ፣ ከ31 እስከ 35 ከሆነ 75 ከመቶ ብቻ ይሰጠው፣ ሙሉውን የሚያገኘው ከ35 ዓመት በላይ ያገለገለ ይሁን ተባለ። ከባድ ተቃውሞ ገጠመው። ያ ሐሳብ እንደተጻፈ ሥራ ላይ አልዋለም፤ ነገር ግን መንገዱ ተጠርጎ ነበር። በጁን 2022 «አግኒፓት» የተባለው ዕቅድ ታወጀ። ከ17 ዓመት ተኩል እስከ 21 ዓመት ያለ ወጣት ለ4 ዓመት ይቀጠራል። ከአራቱ አንዱ ቢበዛ ይቀራል፤ ሦስቱ ይሰናበታሉ። የሚሰናበቱት 1 ሚሊዮን 171 ሺህ ሩፒ ግድም ይዘው ይወጣሉ፤ ግማሹ ከገዛ ደመወዛቸው በየወሩ 30 ከመቶ እየተቆረጠ የተጠራቀመ ነው። ጡረታ የለም። የቢሃር ወጣቶች ይህን ሲሰሙ ባቡር እስከ ማቃጠል ደረሱ። ማቃጠሉን አናሞግስም፤ ንዴቱን ግን እንረዳዋለን። ለዓመታት ጎህ ሲቀድ እየሮጠ ለምልመላ የተዘጋጀ የገበሬ ልጅ፣ የሚሮጥለት ነገር በአንድ መግለጫ ሲሰረዝ ምን ይበል?

ትምህርቱ ይህ ነው። የመጀመሪያው ወረቀት የመኮንኑን ዕድሜ አራዘመ፣ ሁለተኛው የተራውን ወታደር ዘመን አሳጠረ። ሁለቱም «ለበጀት» ተብሎ ነው። ላይኛው ሲረዝም ታችኛው ሲያጥር፣ ወጪው ሁልጊዜ የሚቆረጠው ከአንድ ወገን ትከሻ ነው ማለት ነው። ዕድሜ ይራዘም የሚለውን ቃል እንዲያው በጥቅሉ አንቃወምም። በቢሮ፣ በጤና፣ በጥገና፣ በማሠልጠኛ ያለ ሰው አምስት ዓመት ቢጨመርለት ደስ ሊለው ይችላል፤ መቶኛውም ከፍ ይልለታል። ነገር ግን ያንኑ ሚዛን ተሸክሞ ተራራ ለሚወጣው፣ በቁር ምሽግ ውስጥ ለሚያድረው፣ ጉልበቱ ውስጥ ፍንጣሪ ይዞ ለሚሄደው ሰው ማዋል ግፍ ነው። የአርባ ዓመት ጉልበት ሁሉ አንድ አይደለም። ዕድሜን በካሌንደር ብቻ የሚለካ ሕግ ሰው የሚለካ ሕግ አይደለም።

የሁሉም ክርክሮች ከባዱ ግን ይህኛው ነው፤ ሸሽተነው ልናልፍ አንፈልግም። «አብዛኛው የኢትዮጵያ ሕዝብ ገበሬ ነው፤ ገበሬው ጡረታ የለውም። ጡረታ የሌለው ሰው በሚከፍለው ግብር ወታደር በ25 ከመቶ መዋጮ ይጦር ማለት ፍትሕ ነው ወይ?» ይላሉ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ጠያቂዎቹ ግን እስከ መጨረሻው አልሄዱበትም። ወታደሩ የማን ልጅ ነው? የዚያው የገበሬው አይደለም እንዴ? መንግሥት ሳይጦረው ሲቀር ወዴት ይሄዳል? ወደ እናቱ ጎጆ ነው የሚሄደው። ልትጦር የሚገባት አሮጊት ቆሎ ሸጣ ጠላ ጠምቃ እግሩ የተቆረጠ ልጇን ትጦራለች። ይኸው ነው የቁጠባው ምሥጢር! መንግሥት የቆጠበው ገንዘብ ከሰማይ አልወረደም፤ ከእናቲቱ መሶብ ነው የወጣ። ስለዚህ የወታደሩን ጡረታ መቀነስ ለገበሬው ማዘን አይደለም። በገበሬው ላይ ሁለተኛ ግብር መጣል ነው፤ ደረሰኝ የሌለው ግብር። ገበሬውም ጡረታ ያግኝ ከተባለ አብረን እንጮሃለን። የአንዱን በማጥፋት ግን የሌላው አይበራም።

በዚህ መጽሔት የምንጽፍ ሰዎች ደግሞ የራሳችን የቤት ሥራ አለብን። ቀረርቶና ፉከራ ያለው፣ ጀግንነትን በቃል ማንገሥ የሚያውቅ ሕዝብ ነን። ለዘማች ስንቅ ስናዋጣ፣ ስንሸኝ፣ ስንሸልል ቃል አያጥረንም። የወደቀውንም እናለቅስለታለን። ግን በሥነ ጽሑፋችን ውስጥ ወታደሩ ወይ እየተኮሰ ነው ወይ ሞቷል። ሳይሞት የቀረው፣ አርባ አምስት ዓመት ሞልቶት በጡረታ ጽሕፈት ቤት ኮሪደር ላይ ፋይል አቅፎ የሚጠብቀው ሰው የታለ? እርግጥ ስለ ጦርነት እውነቱን መጻፍ ዋጋ ያስከፍላል። በዓሉ ግርማ በ1975 «ኦሮማይ»ን አሳተመ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፣ ደራሲው በ1976 እንደወጣ ቀረ። ይህን ዋጋ የከፈለ ሰው ባለበት አገር እኛ ስለ አንድ ጡረተኛ ፋይል መጻፍ ቢያስፈራን ያሳፍራል። ለመዝመቻው ግጥም የሚጽፍ ብዕር ለመጦሪያው ዝም ካለ፣ ያ ብዕር ተቀጥሯል ማለት ነው።

እንግዲህ የምንለው ግልጽ ይሁን።

አንደኛ፣ የ7 ዓመቱ ውልና የ10 ዓመቱ በር ይታረቁ። ውሉን የፈጸመ ወታደር የሰባት ዓመቱን ያህል ተመጣጣኝ አበል ዕድሜው ሲደርስ የሚያገኝበት መንገድ ይበጅ።

ሁለተኛ፣ የጡረታ ዕድሜም ሆነ ስሌት ሲለወጥ ለውጡ የሚመለከተው ከዚያ በኋላ የሚፈርመውን ይሁን። ቀድሞ የፈረመው ምርጫ ይሰጠው። በጨዋታው መሀል ሕግ መቀየር ለሕፃናት እንኳ አይፈቀድም።

ሦስተኛ፣ ዕድሜ የሚራዘምላቸውና ዘመን የሚያጥርባቸው በአንድ ወረቀት ላይ፣ ጎን ለጎን፣ ለሕዝብ ይታዩ። የጄኔራሉ መጨመር የተራው ወታደር መቀነስ ከሆነ ሁላችንም እንወቀው።

አራተኛ፣ አበሉ ከኑሮ ውድነት ጋር አብሮ የሚያድገው በሕግ በተጻፈ ልክ እንጂ ሹም ደስ ባለው ቀን አይሁን። መብት በበዓል ዋዜማ እንደሚታደል ሥጋ የሚጠበቅ ነገር አይደለም።

አምስተኛ፣ መንግሥት ሲለወጥ የተራ ወታደር የአገልግሎት ዓመት አብሮ አይፈርስ። ወንጀል የሠራ በስሙ ተከስሶ በፍርድ ቤት ይጠየቅ፤ የቀረው ግን ዓመቱ ለአገር ያገለገለበት ዓመት ሆኖ ይመዝገብለት። ይህን የምንለው ስላለፈው ብቻ አይደለም። ዛሬ ዩኒፎርም የለበሰውም ልጅ ነገ የሚመጣው መንግሥት በምን ስም እንደሚጠራው አያውቅም።

እነዚህ አምስት ነገሮች አብዮት አይደሉም። «ትጦራለህ» ተብሎ የተሰጠ ቃል ይከበር ከማለት የዘለለ ነገር የለባቸውም። ወታደሩ ቃሉን ሲያጥፍ ከዳተኛ ይባላል፤ ለዚያም ቅጣት ተጽፎለታል። ቃሉን ለሚያጥፍ መንግሥት ግን ምን ስም አለን? ቋንቋችን ለዚህ ስም አላጣም። ወላጁን ሳይጦር የቀረ ልጅ ባገራችን ምን እንደሚባል አንባቢ ያውቀዋል።